«ካ» ነው ወይስ «ኡ»?

ሺሎንግ፣ ላይቱምክራ
ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፤ ዝናብ

ለልጄ፤

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና ያግኝሽ። ሳልሽ እንዴት ሆነ? ክረምት በገባ ቁጥር ደረትሽ ውስጥ ያፏጭ የነበረው ነገር አብሮሽ ሄደ ወይስ እዚህ ቀረ? እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? የባሕር ጠረፍ ከተማ እርጥበት አጥንት ይበላል ይባላል፤ አንቺ ደግሞ የሱፍ ሹራብሽን እዚህ ጥለሽ ነው የሄድሽው። ብል እንዳይገባበት በየዓመቱ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃውን ይወጣል፤ ዓይኔ ጋዜጣ ያነባል፣ የጋዜጣውንም ስሕተት ያያል። ከምላሴ ሥር አንዲት ቁስል ወጥታ ከፋሲካ ወዲህ አልሽር ብላኛለች፤ ግን እሷ በመጀመሪያው አንቀጽ የምትገባ ነገር አይደለችም።

አድራሻሽን ያገኘሁት ከአዲሱ አልበምሽ ሽፋን ጀርባ ነው። አድናቂዎቼ ይጻፉልኝ ብለሽ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አሳትመሻል። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ፀጉራቸውን ሰማያዊ ከቀቡ ልጆች ደብዳቤ ጋር በአንድ ጆንያ ይደርስሻል ማለት ነው። ፖስታ የሚከፍትልሽ ሰው ካለ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ያቁምና ወረቀቱን ላንቺ ይስጥ። ከዚህ በኋላ ያለው የእናትና የልጅ ነው።

ልጄ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰባተኛው ዘፈን ላይ ከሞቱት ጋር የቆጠርሽው ማንን ነው? ወንድምሽን ነው ወይስ እኔን?

ከመሀል ጀምሬ እንዳላደናግርሽ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የታችኛውን ክፍል ካከራየሁት አራት ዓመት ሆነ። ተከራይዋ ኮንግ ድሮሊን ትባላለች፤ በአክብሮት «ኮንግ» እንባባላለን፤ ከኖንግስቶይን የመጣች፣ ድምፀ ትልቅ፣ ልበ ሰፊ ሴት ናት። ጃዶና ሻይ ትሸጣለች። ጃዶዋ በሩዙም በሥጋውም እንከን የለውም፤ በሯ ላይ የለጠፈችው ጽሑፍ ግን ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ አርሜላታለሁ። የቤታችን ወለል ሳንቃ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ጭሱም ወሬውም ሽቅብ ወደኔ ይመጣል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሰዎች ምድጃው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ቀኑ እስኪያዘቀዝቅ ስላንቺ ይከራከራሉ።

አንደኛው ፍራይደይ ነው። ዓርብ ቀን ስለተወለደ እናቱ በእንግሊዝኛ ዓርብ ብላ ሰየመችው፤ እሱም «እሑድ ብወለድ ኖሮ ሥራ አልሠራም ነበር» እያለ ይቀልዳል። ታክሲ ነጂ ነው፤ አርባን አልፏል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ከመጀመሪያው ባንድሽ ጀምሮ ተከታይሽ ነው። ሁለተኛዋ ላሪሻ ናት፤ የነርስነት ተማሪ፣ አንደበተ ስል። ሦስተኛው አኒርባን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነው፤ ቤንጋሊ ቢሆንም እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። ድራም ይመታል። ቋንቋችን ግን አፉ ውስጥ ሲያነክስ ይኖራል፤ ፀሐይን ወንድ፣ ጨረቃን ሴት ያደርግብናል።

ሦስቱም የሚያውቁሽ «ስላፕ» በሚለው ስምሽ ነው። ዝናብ በሚበዛበት አገር ራስን ዝናብ ብሎ መሰየም የሰነፍ ተማሪ ድርሰት ይመስላል ብዬ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። በሥዕሎችሽ ሁሉ ፀጉርሽ ዓይንሽን ስለሸፈነው መልክሽን የሚለይ የለም። አንዱ የሶህራ ልጅ ናት ይላል፣ ሌላው የጆዋይ ናት ይላል። እኔ ከላይ ሆኜ እሰማለሁ። አላረምኳቸውም። በሕይወቴ ሰምቼ ሳላርም ያለፍኩት ስሕተት ይህ ብቻ ነው።

አዲሱ አልበም የወጣ ሰሞን ጠቡ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ፍራይደይ «ይሄ ምን አልበም ነው፣ የመዘምራን ልምምድ ነው እንጂ! ያቺ ጊታሯን እንደ መጋዝ ታስጮኸው የነበረችው ልጅ የት ገባች? ዱይታራ! የባላገር ጊታር! ዱይታራማ አጎቴም ይመታል፤ ትኬት ገዝቼ ግን አላውቅም» አለ። ላሪሻ «አንተ ካልጮኸ ሙዚቃ አይመስልህም። የታክሲህ ጭስ ማውጫ ከተበላሸ ወዲህ ጆሮህ አብሮ ሄዷል» ብላ መለሰችለት። አኒርባን በበኩሉ «ሁለታችሁም ዝም በሉና ምቱን ስሙት፤ ሰባተኛው ላይ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን። ከውጭ አገር ያስመጣችው የእንጨት መሣሪያ ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እዚህ አይገኝም» አለ። ፍራይደይም «የሆነ ሰው የአጥር በር ሳይዘጋ ረስቶ ነው» አለው።

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ግን ቀልዱ አለቀ። ሦስት ሰዎች አንድ ሳህን ከበው የሚቀመጡበትን ወጥ ቤት ትዘፍኚያለሽ፤ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ትንሽ ወንድም። መጨረሻ ላይ ከሦስቱ አንዱ በእግዚአብሔር ደጃፍ ኳይ እንደሚበላ ትናገሪያለሽ። አኒርባን ስልኩን አውጥቶ የባንጋሎር ወዳጆቹ የጻፉትን አነበበላቸው፤ አሮጊት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጣ ኖራ በተቀባ ቅጠል የጠቀለለችውን የኳይ ፍሬ ስታኝክ የሚያሳይ ውብ ሥዕል ነው ብለው ተደንቀዋል። ኮንግ ድሮሊን የያዘችው ሻይ እስኪደፋ ድረስ ሳቀች። «ወይ አንተ ልጅ! እንዲህ የሚባለው እኮ ለሞተ ሰው ነው። አያትህ እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቅህ እንዳትመልስልኝ፤ ሳታውቀው ትቀብራቸዋለህ» አለችው።

ታዲያ የሞተው ማን ነው? ግሡ እንደሆነ ለሁሉም አንድ ነው፤ ወንዱን ከሴቷ የምትለየው ከፊቱ የምትቆመው ትንሽ ቃል ናት። ላሪሻ እንደ ሕፃን እያስቆጠረች አስረዳችው፤ «ካ» ካለች እናቷ ናት የሞተችው፣ «ኡ» ካለ ወንድሟ ነው። አንቺ ደግሞ እዚያች ቃል ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ትውጪዋለሽ። ፍራይደይ «ኡ» ነው አለ። ላሪሻ «ካ» ናት አለች። በስልኩ ውስጥ በየአገሩ ያሉ አድናቂዎችሽ ለሁለት ተከፈሉ፤ የ«ካ» ወገንና የ«ኡ» ወገን ተባባሉ፤ ሸሚዝ ላይ ያሳተሙም አሉ አሉ። በሁለተኛው እሑድ ኮንግ ድሮሊን «ካ በዚህ፣ ኡ በዚያ፤ ሻይ ግን ከአንድ ጀበና ነው የምቀዳው፤ የሚያኮርፍ ይውጣ» ብላ በሁለት አግዳሚ ለየቻቸው።

እኔ ከላይ ነበርኩ። ሰው በገዛ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ሳንቃ ላይ ለጥፎ፣ ሙት ነው ወይስ ሕያው እየተባለ ሲከራከሩበት ሲያዳምጥ ይታይሽ። ላሪሻ የረታች ሲመስለኝ እጄን አየዋለሁ። እጄ እንደ ወትሮው ነው። ግን በማግስቱ ገበያ ወርጄ አትክልት ሻጯ ሳታየኝ ሌላ ሰው ስታስተናግድ ጊዜ፣ ጠርቼአት እስክትዞር ድረስ የቆየሁባት ትንፋሽ ረዘመችብኝ።

ያን ጊዜ በመካከላችን የሆነውን እስከ ዛሬ በወረቀት አላሰፈርኩትም። አሁን ላስፍረው፤ ስሕተት ካለበት ታርሚዋለሽ።

ወንድምሽ ሸምቦር ከጓደኛው ጋር ኡሚያም ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ገለበጣት። ጓደኛው ዋኝቶ ወጣ። ጀልባዋ ተገኘች፤ መቅዘፊያው ተገኘ፤ አንድ እግር ጫማ ተገኘ። ጠላቂዎች ዘጠኝ ቀን ፈለጉ። «ሸም» ማለት ማግኘት ነው ብዬ ስም ስሰጠው የኮራሁበት ልጅ ብቻ ሳይገኝ ቀረ። ያልቀበርኩትን አላለቅስም አልኩ። ለቀስተኛ መለስኩ። ከሰዓት በኋላም እንደ ልማዴ ሳህኗን አቅርቤ ኳዩን ለሦስት መቁረጤን ቀጠልኩ፤ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለሱ። በሦስተኛው ሳምንት አንቺ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ «ሜይ፣ ሁለት ቁረጪ። እሱ አሁን በእግዚአብሔር ደጃፍ ነው ኳይ የሚበላው» አልሽኝ።

መቁረጫውን አስቀመጥኩና «ይህን ያለ አፍ ከዚህ ቤት ሳህን አይበላም» አልኩሽ። ሰዋስው ሳይጎድለው፣ ቃል ሳይዛነፍ። ጊታርሽን ይዘሽ ወጣሽ።

የመጨረሻዋን ሴት ልጅ ከቤት ያስወጣች እናት በኛ ዘንድ ተሰምታ አታውቅም። ቤቱ በልማዳችን ያንቺ ነው፤ ዓይኔን የምትከድኚውም አንቺ ነበርሽ። ወንድሜ ከመንደር መጥቶ «አብደሻል እንዴ! ቤቱ እኮ የሷ ነው፤ የሚወጣ ሰው ካለ አንቺ ነሽ ውጪ» ብሎ ጮኸብኝ። ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑን ነገርኩት፤ ከኋላሽ ግን ደጁን ከፍቼ አልጠራሁሽም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሦስት ስቆርጥ ኖርኩ። የኔን እበላለሁ። ያንቺን ለመጣ እንግዳ እሰጣለሁ። የሱን በትንሽዋ ሳህን አድርጌ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አኖረዋለሁ። ጠዋት ስነሣ የለም። አይጥ ይሆናል፣ ወፍ ይሆናል። የምመረምር ሴት መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ይህን ግን አልመረመርኩም። የሳህኗን ባዶነት እያየሁ «በልቷል» እል ነበር፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሴ።

አሁን ወደ ሦስተኛው እሑድ ልምጣ። ኮንግ ድሮሊን ከታች «ኮንግ! ኧረ ይውረዱልኝ፤ እነዚህ ሰዎች በአንድ ፊደል ቤቴን ሊያፈርሱት ነው!» ብላ ተጣራች። ሽርጤን አስተካክዬ ወረድኩ። ፍራይደይ ብድግ ብሎ በርጩማ ሳበልኝ፤ «ኮንግ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቋንቋ አስተምረዋል ሲሉ ሰማን። እኔንም ሊያስተምሩኝ ነበር፤ ከትምህርት ቤት አምልጬ ነው የተረፍኩት» አለኝ። ከአነጋገርህ ያስታውቃል አልኩት። ላሪሻ ሳቀች፤ «ይፍረዱ እንጂ እንዳያዳሉ። ይሄ ሰውዬ ጃዶ ሊጋብዝዎ አስቧል፤ ጉቦ ነው» አለችና ሁለት ጥቁር ፍሬ የመሰለ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ። ልጄ፣ ዝናብ ሁሉ አንድ ይመስላል ይላሉ። ያ ዝናብ ግን የኛ ነበር። ከወጥ ቤቱ በላይ ሚስማሯ የወለቀባት ቆርቆሮ በየሦስተኛው ነፋስ ስትንኳኳ ሰማኋት። ወንድምሽ ነገ እመታታለሁ፣ ነገ እመታታለሁ ሲል የከረመባት ናት። እኔ ራሴ መሰላል ወጥቼ ከመታኋት ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ስለዚህ በአልበምሽ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አሮጌ ዝናብ ነው።

ቀጥሎ አንድ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጀመርኩ» አለ። እነ ፍራይደይ ድምፅ ቀራጩ ነው ይሉታል።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። የወንድምሽን ድምፅ ረስቼው ነበር። በነዚህ ዓመታት ወጥ ቤቱ ውስጥ ሲያናግረኝ የምሰማው ድምፅ የሱ አልነበረም፤ እኔ የሠራሁት ድምፅ ነበር፤ ወፍራም፣ የሚታዘዝ፣ ቃላቱን አሟልቶ የሚናገር። እውነተኛው ቀጭን ነው። የቃሉን መጨረሻ ይበላል፤ ስንት ጊዜ ቆጥቼዋለሁ። «ጀመርኩ» ሲል መጨረሻዋን በላት። ከሌላ ሰው ልጅ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ቆይቼ የራሴ ልጅ በበሩ የገባ መሰለኝ። ዘፈንሽን የሚቀዳባት ያቺ ትንሽ መቅረጫ አብራው ሐይቅ የገባች ይመስለኝ ነበር። ለካ አንቺ ጋ ናት።

ከዚያ ቀጭ፤ ቆየት ብሎ ቀጭ። ከዚያ አንቺ ገባሽ።

ስለ ድምፅሽ ብዙ አልልም። በሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽሽን አስቸኩለሻል። በቀረው እንከን አላገኘሁበትም፤ ፈልጌ ነበር። ሦስቱም አፌን እያዩ ነው። ያቺ ቃል ስትመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አስደግሜ ሰማኋት። «ካ» አይደለችም። «ኡ» አይደለችም።

«ኢ» ናት።

ለመናገር አፌን ስከፍት ያቺ ቁስል ምላሴን ያዘችው። ፍራይደይ «ኡ! አላልኳችሁም!» ብሎ አግዳሚውን በጡጫ መታ። አይደለም፣ ብዬ ደገምኩት። አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ መናገር ሲያስፈልገኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ፍራይደይ «ኮንግ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ኢ ደግሞ ምንድን ነው? ኢ እኮ ለድመት ግልገል ነው» አለ። ላሪሻ ቀስ ብላ «ለድመት ብቻ አይደለም፤ እኔ አያቴን ኢ ነው የምላት። ትንሹን ወንድሜንም» አለች። አኒርባን ግራ ገብቶት «ታዲያ ወንድ ነው ሴት?» ሲል ኮንግ ድሮሊን «የሚወደድ ነው፤ ሌላው ምን ቸገረህ» አለችው።

እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፤ «ኢ»ን ከዚህ ቤት ያባረርኳት እኔ ነኝ። መምህሬ «ኢ ለአንቀልባ እንጂ ለቀለም አይደለችም» እያለች ጣታችንን በማስመሪያ ትመታን ነበር። እኔም ያንኑ ለእናንተ አወረስኩ። ሰባት ዓመትሽ ላይ ደብተርሽ ውስጥ «ኢ ሜይ»፣ ኢ እናቴ ብለሽ ስለኔ ጻፍሽ። በቀይ ሰርዤ «ካ» በይ አልኩሽ፤ ሃምሳ ጊዜ አስጻፍኩሽ። ሃምሳውንም ሳታለቅሺ ጻፍሽ። ወንድምሽን «ኢ ሸም» ስትዪው በጠረጴዛው ማዶ አርምሽ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዴም አልሰማሁብሽም። ቃሏ የጠፋች መስሎኝ ነበር፤ አንቺ ግን ይዘሻት ወጥተሻል።

ያኔ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን አኒርባን «እሺ፣ ይሁን፤ ቢያንስ ያ የእንጨት መሣሪያ ግን…» ብሎ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ስሕተት ሰምቼ መቀመጥ አልችልም። የእንጨት አይደለም አልኩት። የኳይ መቁረጫ ነው፤ ብረት ነው፤ የግራ እጀታው ችንካር ስለላላ ሁለተኛው ድምፅ ዘግይቶ ይመጣል።

ላሪሻ የሽርጤን ኪስ አየች። እጄ ኪሴ ውስጥ ገብታ መቁረጫውን ይዛው ነበር፤ እኔ እንኳ አላወቅኳትም። ኮንግ ድሮሊን ምድጃዋን ዝቅ አደረገች። ፍራይደይ ባርኔጣውን አወለቀና «ኮንግ… ስለ መዘምራን ልምምዱ ያልኩት… ሰው እሑድ ቀን ብዙ ያወራል» አለኝ። ብዙ አታውራ፣ ስታወራ ግን አስተካክለህ አውራ አልኩት። አኒርባን መቁረጫውን ለማየት በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ አንድ ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፤ ከፍቶ ዘጋው፤ ልክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በትክክል እሱ ነው» አለና መለሰልኝ።

ላሪሻ ደረጃውን ደግፋ አወጣችኝ። ወጥ ቤት ስንገባ አፌን እንድከፍትላት ጠየቀችኝ፤ «ኢ» ስል ሰምታኛለች። በስልኳ መብራት አየች። ሐኪም አይቶታል ወይ አለችኝ። አይቶታል፤ ከቁስሉ ቆርጦ ወደ ጉዋሃቲ ልኮ መልሱ በወረቀት መጥቷል አልኳት። ወረቀቱ የት ነው አለችኝ። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ነው። በየትኛው ቃል ገጽ እንዳስቀመጥኩት ስትመጪ ታያለሽ፤ ፊደል ተራውን አስተምሬሻለሁ። ላሪሻ ለታችኞቹ እንዳትነግር አስምያታለሁ፤ የነርስነት ተማሪ ስለሆነች ምስጢር መጠበቅን ከወዲሁ ትልመድ። ኳይ ተከልክያለሁ፤ ይህን ያህል ነው።

አሁን የምነግርሽን ለቄሱም አልተናገርኩም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ያኖርኳት ሦስተኛ ቁራጭ አልተነካችም። ሰኞ ጠዋት ነበረች። ማክሰኞም ነበረች። ኮንግ ድሮሊን ድመት አላመጣችም፤ ወጥመድ አላስቀመጠችም፤ ጠይቄያታለሁ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ ደርቃ እንደ ጠጠር ሆናለች። ያ ዓመቱን ሁሉ ሲበላ የኖረው ምንም ይሁን ምን፣ ያቺን «ኢ» ከሰማ በኋላ ወደዚህ መስኮት መምጣቱን ተወ።

ስለዚህ ዛሬ ከቀትር በኋላ ሳህኗን አቀረብኩና ለሁለት ቆረጥኩ። መቁረጫው እንደ ልማዱ ሁለተኛውን ድምፅ አዘገየ። ሦስተኛውን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ከዚያ በባዶው ወጥ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ምላሴ እንደቻለችው፣ ኢ ሸም በእግዚአብሔር ደጃፍ ኳይ ይበላል አልኩ። ቤቱ አልፈረሰም። ዝናቡም አላቆመም። ተቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሁለቱን ቁራጮች ኖራ ቀብቼ በቅጠል ጠቅልያቸዋለሁ። አንዷ ያንቺ ናት። ሌላዋን መብላት ስለማልችል ሁለቱም ያንቺ ናቸው። ቅጠሉ ከአራት ቀን በላይ አረንጓዴ ሆኖ አይቆይም፤ ከጠቆረ ሌላ እቆርጣለሁ። ሲጠቁር እቆርጣለሁ፤ እስከምችል።

ከላይ ለጠየቅኩሽ ጥያቄ በደብዳቤ አትመልሺልኝ። መጥተሽ በአፍሽ ንገሪኝ። «ኢ» ያልሽው እሱን ከሆነ ያን ጊዜ ያላለቀስነውን አብረን እናለቅሳለን። እኔን ከሆነም ቅሬታ የለኝም፤ ደወሉ ሳይደወል ተነሥታ የምትወጣ ተማሪ ምንጊዜም ነበርሽ። ግን አትዘግዪ። ከዘገየሽ የ«ካ» ወገኖች ትክክል ይሆናሉ፤ ምስኪኑ ፍራይደይ ደግሞ መረታት አይወድም።

ቁልፉ ከድሮው ቦታው ነው። ሹራብሽ ወንበሩ ላይ ነው። የታክሲው ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ እንደሚያመጣሽ ምሎልኛል፤ በመንገድ ላይ ስለ ጊታር ሊያማክርሽ ቢሞክር አንቺ ዝናቡን አዳምጪ።

እግዚአብሔር ደረትሽን ከብርድ፣ ጉሮሮሽን ከጭስ፣ መንገድሽን ከጭጋግ ይጠብቅልሽ። ሳህንሽ ለብቻ የሚበላባት አትሁን። ደጃፍሽም የሚያንኳኳ አይጣ።

በቀይ የሰረዝኩብሽን ቃል ዛሬ በገዛ እጄ እጽፋለሁ፤ አንቺ አትሰርዢብኝ።

ኢ ሜይ